ቁጥሩ «ደህና ናት» ያለ ዕለት

የልጅ ልጆቼ ስልክ ላይ የታመመ መስሎ ሰው የሚያስደነግጥ አንድ ጎረምሳ እያዩ ሲንከተከቱ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። እኔን አላሳቀኝም። ትልቋ ይህን አይታ፣ «እማማ፣ አንቺና ጓደኛሽ ለሐኪም ተማሪዎች በሽተኛ ሆናችሁ የተወናችሁትን እስቲ ንገሪን» አለችኝ። ትንሿ ቀበል አድርጋ፣ «አትንገሪን፣ ጻፊው! ስትናገሪ መሀል ላይ ሌላ ወሬ ውስጥ ትገቢና ዋናውን ሳንሰማ ይመሻል» አለች። እውነቷን ነው። ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፤ አጠና ተራ ልሂድ ብዬ ተነስቼ አየር ጤና የምገኝ ሴት ነኝ። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጅ ታቅፌ ነው። እንግዲህ ቃሉ ቢንሻፈፍብኝ ታገሡኝ።

ጓደኛዬ ኮልፌ ገበያ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። የእሷ ቤተሰቦች ከስልጤ የመጡ ሙስሊሞች፣ የእኔ ከወደ ከፋ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው። ሁለታችንም ግን የተወለድነው እዚሁ፣ አንድ የጭቃ ግድግዳ በሚለያቸው ሁለት ቤቶች ውስጥ ነው። ስንኳረፍ እንኳ በግድግዳው ውስጥ ስታስነጥስ እሰማታለሁ፤ «ይማርሽ» ላለማለት ከንፈሬን እነክሳለሁ፤ ከዚያ ይወጣብኛል፤ ኩርፊያው በዚያው ያልቃል።

በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነበረው። ሁለታችንም ገባን። እኔ ከኋላ ቆሜ ከማጨብጨብ አላለፍኩም፤ እሷ ግን ተዋናይ ሆና ወጣች። የሚሰጣት ቦታ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ነበር። እናት አገርን ሆና ባንዲራ ይዛ የምትቆመው አንዲት ቀይ ቆንጆ ልጅ ነበረች። ኢምፔሪያሊስቱን የሚጫወተው ልጅ ፊቱን ዱቄት ይቀባና ሲያልበው ሊጥ ይሆንበታል፤ እኛ ከኋላ ሆነን በሳቅ እንፈርሳለን። ጓደኛዬ ደግሞ ጥቁር ናት፤ ጥቁረቷም የሚያበራ ዓይነት። ስለዚህ የምትገረፈው እሷ፣ የምትራበው እሷ፣ መጨረሻ ላይ የምትሞተው እሷ። ማንም በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። ዝም ብሎ እንደዚያ ይደለደል ነበር፤ ማንም «ለምን?» አላለም፣ እኔም አላልኩም። እሷ ብቻ፣ «እናንተ ቆማችሁ ትዘምራላችሁ፣ እኔ ጋደም ብዬ አርፋለሁ፤ ሞኙ ማን ነው?» ትል ነበር።

አሟሟቷ ግን! አንድ ጊዜ የመድረኩ ጣውላ ተነቅሎ በተኛችበት እግሯ ላይ ወደቀ። ደሟ ሲወርድ እናያለን። እሷ ንቅንቅ አላለችም። መጋረጃው ሲዘጋ ነው ብድግ ብላ፣ «ኧረ እግሬን!» ብላ የጮኸችው። የቡድኑ ኃላፊ አቅፎ ሳማት። «መጋረጃ ሳይዘጋ መነሳት ነውር ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። ይህን የምጽፈው ወሬ ለማብዛት አይደለም፤ ሰው እሷን ሲያያት እውነቱን ከጨዋታው መለየት ለምን እንደሚያቅተው እንድታውቁት ነው።

ኮሮና ገብቶ አስጨንቆን ቀለል ባለ ማግስት፣ አንድ የቲያትር ትምህርት የጨረሰ ወጣት የሰፈራችን አረጋውያን ስብሰባ ላይ መጣ። ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የሐኪም ማሠልጠኛ አለ፤ ተማሪዎቹ የሚፈተኑት ደህና ሰው በሽተኛ መስሎ ሲቀርብላቸው ነው፤ አስጠንቶ የሚያቀርበው እሱ ነው። ምሳና የታክሲ ይሰጣል።

«ሥራው ቀላል ነው እማማዎች፤ አንዷ ትታመማለች፣ አንዷ ታስታምማለች» አለን።

«የምትታመመዋ ማን ናት?» አለች ጓደኛዬ።

ልጁ አየት አደረጋት። «እርስዎ ቢሆኑ ጥሩ ይመስለኛል።»

«ጥቁር ስለሆንኩ ነው አይደል በሽተኛ የመሰልኩህ?»

ልጁ ክው አለ። «ኧረ በፍጹም እማማ! እኔ እንደሱ አስቤ...»

«ተው አትደንግጥ፣ ስቀልድህ ነው። እኔ መሞት የጀመርኩት አንተ ሳትወለድ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ወደዳት። እኛም ሄድን።

ማሠልጠኛው ውስጥ አልጋ ላይ አንዲት የላስቲክ ሴት ተኝታለች። ነጭ ናት። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ልቧ ይመታል፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ከውስጥ መብራት ይበራና ከንፈሯ ሰማያዊ ይሆናል። ተማሪዎቹ የታፈነ ሰው ምን እንደሚመስል የሚማሩት በእሷ ነበር።

ጓደኛዬ ዙሪያዋን ዞረቻትና ጮክ ብላ፣ «እኔ ብታነቅም እንዲህ ሰማያዊ አልሆንላችሁም፤ በምን ልታውቁልኝ ነው?» አለች።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እዚያ ቆማ የነበረች አንዲት ፈረንጅ ምን እንዳለች ጠየቀች፤ ተተረጎመላት፤ እሷም ሳቀች።

ይህች ፈረንጅ ሸበቶ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ለሰው የምታዝን ሐኪም ነበረች። የላስቲኳንም ሴት፣ ሌላውንም መሣሪያ ከአገሯ ያመጣችው እሷ ናት። ስለዚህ እሷ ስትገባ ሁሉም ይነሳል። አስተማሪያቸው፣ የእኛው አገር ዶክተር፣ ለተማሪዎቹ ሲናገር ደረቱን ነፍቶ የሚናገር ሰው ነበር፤ እሷ ካለች ግን ፊቷን ሳያይ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል፣ ቀና ብሎ ያያታል። ልክ ቀበሌ ሊቀመንበር ፊት ስንቆም እንደነበረው።

የቲያትሩ ልጅ ምልክት ሰጠን። «በእውነት ካመማችሁስ?» አለ። «ክፍሉ ውስጥ ሆናችሁ 'አመመኝ' ብትሉ ማንም አያምናችሁም፤ 'አመመኝ' ማለት ሥራችሁ ነው። ስለዚህ ነጠላችሁን ከራሳችሁ ላይ ገፈፍ አድርጋችሁ ጣሉት። እኔ ከፈተናው ክፍል መስታወት ወዲያ ሆኜ ሳይ ደወሉን ደውዬ ጨዋታውን አቆማለሁ።»

ለዚህ ሥራ ከሰፈሩ የሄድነው ሴቶች ሁላችን ባለ ነጠላ ነን። እሷ ብቻ ሂጃቧን አገጯ ሥር በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ጎኗን ጎሸም አደረግኳት።

«ንገሪው እንጂ።»

«ምን ብዬ? በእነዚህ ሁሉ ወንዶች ፊት ራሴን ልገልጥ? ወላሂ፣ ሞቼ ነው!»

«እኮ ንገሪውና ሌላ ምልክት ይስጥሽ።»

«ተይው ባክሽ፣ ልጁን አታስጨንቂው። ማን ያመዋል ብለሽ ነው?»

የፈተናው ቀን ከታክሲ ወርደን ዳገቱን ስንወጣ በየሱቁ ደጅ ቆም እያለች ዋጋ ትጠይቃለች። አንዱ የመኪና ጎማ ሻጭ ጋ ቆማ ስትጠይቅ፣ «ጎማ ምን ሊሠራልሽ ነው?» አልኳት። «ዋጋ ማወቅ አይከፋም» አለች፣ ደረቷን ይዛ። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ነበር የሚመጣው፤ አሳላት። «በርበሬው ነው» አለች። በርበሬ ሲደለዝ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስል ስለኖረች ሳሏን የሚሰማው ሰው የለም። ሰፈሩ ለምዶታል።

የፈተናው ክፍል ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ ለእኔ አንዲት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ መስታወት። ከመስታወቱ ወዲያ ፈረንጇ፣ ዶክተሩና የቲያትሩ ልጅ ተቀምጠዋል። ተማሪ ይገባል፣ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ደወል ሲደወል ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። የእሷ ድርሻ ትንፋሽ ማጠር ነው። የእኔ ድርሻ «ከትናንት ወዲህ ነው የጀመራት» ማለትና መጨነቅ ነው። ለመጨነቁ ልምምድ አላስፈለገኝም።

ጠዋት ላይ ጨዋታው ደርቶልን ነበር። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለችው ክፍተት አንድ ዓይኗን ትከፍትና ታሾፋለች። «የዚህኛው እጅ በረዶ ሲሸጥ ያደረ ይመስላል።» «ያኛው ሆዴን ሲነካኝ እሱ ነው የደነገጠው፤ እሱን አስተኝተን እኛ እንመርምረው።» ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ሳልጨርስ በሩ ይከፈታል።

ከምሳ በኋላ ማሾፏን ተወች።

መጀመሪያ ደክሟት ነው አልኩ። አንዱ ተማሪ ወጣ፤ ዓይኗ አልተከፈተም። ሌላው ወጣ፤ አልተከፈተም። ጎንበስ ብዬ፣ «የአሁኑ ልጅ ጫማው አይጮህም?» አልኳት፣ እንድትስቅ። ዝም። ደረቷ ይወጣል ይወርዳል፤ ግን እንደ ጠዋቱ አይደለም። ጠዋት አፏን ከፍታ፣ ትከሻዋን አንስታ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሁሉ እንዲያይላት ነበር የምትተነፍሰው። አሁን አፏን ገጥማ በአፍንጫዋ ቶሎ ቶሎ፣ ሰው እንዳይሰማት እንደምትፈልግ።

«ጨዋታ ነው?» አልኳት በጆሮዋ።

አልመለሰችም። በሩ ተከፈተና ሌላ ተማሪ ገባ፣ ረጅም ጎረምሳ። ጥያቄውን ጀመረ። እኔ ጥያቄውን አልሰማሁም። ይህች ሴት መድረክ ላይ እየሞተች ስንቴ አስለቅሳኛለች! አሁን ብድግ ብዬ ብጮህና ከት ብላ ብትስቅብኝስ? ፈተናውን ሁሉ ባበላሽስ? ደግሞ ጨዋታ ነው ብዬ ዝም ብልና ባይሆንስ? የምናገረው ጠፋኝና «ከትናንት ወዲህ ነው» አልኩ፣ ልጁ የጠየቀው ስሟን ነበር መሰለኝ።

እጇ ተነሳ። ቀስ እያለ ወደ ራሷ ሄደ፤ የሂጃቧን ጫፍ ያዘ። እኔ ትንፋሼን ይዤ አያለሁ። ጫፉን ጨብጣ ቆየች። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ሳበችው፣ እስከ ቅንድቧ ድረስ። እጇ አልጋው ላይ ወደቀ።

ገባኝ። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠርኩ። ተንሸራቶባት ያስተካከለችው ቢሆንስ?

ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ግን በትወናዋ ተደንቀው ኖሯል። ፈረንጇና ዶክተሩ ተነስተው፣ ውጭ የቀሩትን ተማሪዎች አስከትለው ገቡ። ክፍሏ በሰው ጢም አለች። ፈረንጇ ተናገረች፣ ዶክተሩ ተረጎመ። «እንዲህ ያለ ትወና በአገሬም አላየሁም እያለች ነው።» ከዚያ ከኪሷ ያችን ትንሽ መሣሪያ አወጣች፤ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ያወቅናትን፣ ጣት ላይ ቁንጥጥ አድርጋ ይዛ ውስጥ ቀይ መብራት የምታበራውን፣ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካዋን። የጓደኛዬን ጣት አንስታ አደረገችላት።

«ዘጠና አምስት» አለ ዶክተሩ፣ ለተማሪዎቹ እያሳየ። «አያችሁ? በዓይን ሲታዩ መተንፈስ ያቃታቸው ይመስላል። ቁጥሩ ግን ደህና ናቸው ይላል። ሰው ያስመስላል፤ ቁጥር አያስመስልም። ግራ ስትጋቡ ወደ ቁጥሩ ተመለሱ።»

አንዲት ቀጭን ተማሪ የጓደኛዬን ክንድ ይዛ ነበር። «ዶክተር፣ እጃቸው ግን ቀዝቅዟል» አለች። «ያልባቸዋልም።»

«ቁጥሩን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ልጅቷ ዶክተሩን አየች፣ ፈረንጇን አየች፣ መሣሪያዋን አየች። የጓደኛዬን ክንድ ቀስ ብላ ለቀቀች።

«እውነቷን ነው ልጄ! አሟታል! ጨዋታ አይደለም!» አልኩ እኔ፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ሳቁ። በክፋት አይደለም፤ ተደስተው ነው የሳቁት። «አስታማሚዋም የዋዛ አይደሉም» አለ ዶክተሩ። ፈረንጇ አውራ ጣቷን አንስታ «ጎበዝ» አለችኝ፣ ከምታውቃት ጥቂት አማርኛ አንዷን።

ሌላ ምን ልበላቸው? «አሟታል» ማለት የተሰጠኝ ቃል ነው። «እውነት ነው» ብል፣ ማንም ጎበዝ አስታማሚ የሚለው ነው። ወደ መስታወቱ ዞርኩና ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፍፌ መሬት ላይ ጣልኩት።

ደወሉ ጮኸ። የቲያትሩ ልጅ በሩን በርግዶ ገባ። «እማማን አመማቸው!» ብሎ እኔን ያዘኝ።

ከዚያ የሆነውን ሳስብ ዛሬም ሳቅና ልቅሶ ይተናነቁኛል። ያ ሁሉ ሐኪም እኔ ላይ ተረባረበ። አንዱ እግሬን፣ አንዱ ትከሻዬን ይዞ ምንጣፍ ላይ አጋደሙኝ። መሣሪያዋን ከጓደኛዬ ጣት ነቅለው የእኔ ጣት ላይ አደረጓት።

«እኔ አይደለሁም!»

«አይዞዎት እማማ፣ አይናገሩ፣ ይረጋጉ።»

«እኔ አይደለሁም እኮ እላችኋለሁ! እሷ ናት! ሂጃቧን ማውለቅ ስላልቻለች ነው እኔ ያወለቅኩላት!»

የቲያትሩ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። እኔን ትቶ አልጋው ጋ ሄደ። «እማማ፣ ደወሉ ተደውሏል። ጨርሰናል። ይነሱ» አላት።

ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯን ለማንቀሳቀስ ስትታገል አየኋት። «ደህና... ነኝ... ልጄ» አለች።

ቀኑን ሙሉ «ሞትኩ፣ ታፈንኩ» ስትል የዋለች ሴት፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ «ደህና ነኝ» ማለት ጀመረች።

ልጁም ቀና አለ። «የሰጠኋቸው ገጸ ባህሪ 'ደህና ነኝ' አትልም» አለ። «ይሄ የራሳቸው ቃል ነው። መኪና አምጡ።»

ዶክተሩ መሣሪያዋን እንደገና ጣቷ ላይ አደረገ። ያው ቁጥር ነው። ፈረንጇን አያት። ፈረንጇ የጓደኛዬን ግንባር ዳሰሰች፣ ረጋ ብላ ተናገረች፤ እሱም ተረጎመ። «ትወናው ውስጥ ገብታ ቀርታ ነው፤ ጭንቀት ነው፤ ውኃ ስጧት፣ ትረፍ ትላለች።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ የቲያትሩ ልጅ። «ከተሳሳትኩ ይሳቅብኝ። መኪና ግን ይምጣ።»

ሁሉም ፈረንጇን ያያል። እኔ የምሰማው የዚያችን የአልጋ ላይ ትንፋሽ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ፈረንጇ ቁጥሩንም ልጁንም አየችና፣ ካሰጋችሁ ውሰዷት የሚል ዓይነት በእጇ አመለከተች። ዶክተሩ ያን ጊዜ ድምፁ ተመለሰለትና ሹፌሩን ጮሆ ጠራ።

መኪናው ውስጥ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። «በርበሬው... ክፍት ነው» አለችኝ። ጎረቤት ያለችው ልጅ ትከድነዋለች አልኳት። «ይበተናል» አለች። ነፍሷ ልትወጣ ነው፣ እሷ ስለ በርበሬ ታወራለች። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ፊት ለፊታችን ያለው የሚኒባስ ረዳት ጭንቅላቱን አውጥቶ፣ «ምን ሆነሃል፣ በራሪ ነህ?» አለ። መስኮቱን ከፍቼ፣ «ልጄ፣ እናትህ ትሁን!» አልኩት። ወሬውን ተወና ለራሱ ሹፌር ጮኸለት፤ አሳለፉን።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አንዲት ነርስ ተቀበለችን። እሷም ያችኑ የመሰለች መሣሪያ አውጥታ የጓደኛዬ ጣት ላይ አደረገች። አየችውና፣ «ቁጥራቸው ጥሩ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቁ» አለች።

«ልጄ፣ መተንፈስ አልቻለችም።»

«ገብቶኛል እማማ። ግን ያዩታል፣ የመኪና አደጋ ገብቶብናል። የእሳቸው ይጠብቃል፤ ቁጥራቸው ጥሩ ነው።»

ምን ማለት ይቻላል? አጠገባችን ደም የለበሰ ሰው አለ። ነርሷ ትሮጣለች፤ አልፈርድባትም። ወንበሩ ላይ ደግፌያት ተቀመጥኩ። የሂጃቧ ጫፍ ከአፏ ፊት ሲርገበገብ እሱን ነበር የማየው። እሱ ሲንቀሳቀስ እኔም እተነፍሳለሁ። አንድ ጊዜ ቆመ መሰለኝ፤ ተመልሶ ተንቀሳቀሰ። በእሷ አላህም በእኔ ማርያምም ለመንኩ፤ ማንኛው ቶሎ እንደሚደርስ አላወቅኩም። ከዚያ ጫፉ መርገብገቡን እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ሄደ።

ጮህኩ። ለቅሶ ቤት እንኳ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም።

ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። ቁጥሩን ነገሩት። ከንፈሯን ገልብጦ ከውስጥ አየ፣ የዓይኗን ሽፋን ገልጦ አየ፣ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ከፍ አድርጎ እግሯን ተጫነ። «ይሄ እግር ካበጠ ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ለእኔም አልነገረችኝም፤ ማታ ማታ ግድግዳው ወዲያ ስታሸው ኖራ ይሆናል። ሐኪሙ መልስ አልጠበቀም፤ ኦክስጅን አድርጉላት አለ፣ ከእጇ አንጓ ደም ቀድቶ ላከ።

ውጤቱ ሲመጣ እሱ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሄዶ ሳንባዋን ዘግቶታል። ደሟ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን መሣሪያዋ ካለችው በጣም ያነሰ ነው። «ወንበሩ ላይ ትንሽ ቆይተው ቢሆን...» አለና አልጨረሰውም።

«ቁጥሩ ግን ደህና ናት ነበር የሚለው» አልኩት።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል እማማ።»

«የፈረንጇም እንደዚሁ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ሁለቱም ተበላሽተው ነዋ!» አለ፤ ሌላ በሽተኛ ጠርቶት ሄደ።

ጓደኛዬ ተረፈች። ብዙ ተኝታ፣ ብዙ መድኃኒት ውጣ ተነሳች። ፈረንጇ ፍራፍሬ ይዛ መጣች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ይዛ አለቀሰች። ያችን የተበላሸች መሣሪያ ጥላ፣ ያንኑ ዓይነት አዲስ ከአገሯ እንዳስመጣች በቲያትሩ ልጅ በኩል ነገረችን። ጓደኛዬም፣ «ንገራት፤ ሁለት መሣሪያ አበላሽቻለሁ፣ ሦስተኛውን አታቅርብልኝ» አለች። ልጁ እየሳቀ ተረጎመ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ እንቢ ቢል፣ ቆጣሪ ቢቆም፣ «እሷ ነክታው ነው» ይባላል። እሷም ትቀበላለች። «እኔ ጋ ሲደርስ ማሽን ሁሉ ያብዳል» ትላለች። በርበሬ መሸጡን ለልጇ ሰጥታለች። ዳገት አትወጣም። ማታ ማታ ግድግዳው ወዲያ ስትስል እነቃለሁ፤ መልሳ እስክትተነፍስ አልተኛም። ይኸው ነው ኑሯችን።

ዓመታት አለፉ። በቀደም ከኮልፌ ወደ ጦር ኃይሎች ታክሲ ይዤ ስሄድ፣ የምሄድበት እንኳ አልነበረኝም፣ ሬዲዮ ላይ አንድ የጤና ፕሮግራም ይተላለፋል። እንግዳው ሐኪም ስለዚያች ጣት ላይ ስለምትደረገው መሣሪያ ነው የሚናገረው። ሹፌሩ ጣቢያ ሊቀይር እጁን ሲዘረጋ፣ «ተው ልጄ፣ እንዲያውም ድምፁን ጨምርልኝ» አልኩት። ጨመረልኝ።

መሣሪያዋ የምታነበው ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፋ ነው አለ ሐኪሙ። ስትሠራ የተሞከረችው በአብዛኛው በነጮች ጣት ላይ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ኦክስጅኑ ወርዶ ሳለ ቁጥሯ ሳይወርድ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ቆዳው በጠቆረ መጠን ስህተቱ ይብሳል። ይህንንም የሙያው ሰዎች ከኮሮና በፊት፣ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሲጽፉት ኖረዋል።

ሁለቱም መሣሪያዎች አልተበላሹም ነበር።